«እንግዳ ይለፍ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ

ጥቅምት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ምሳው ሞተ አሉኝ። ጠዋት ነው። ብቅል እየሰፈርሁ ነበር። መምሬ ገብረ አማኑኤል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ዋግ ቆላ፣ ዝቋላ ወርዶ ወባ ይዞት ነው አሉ። እሑድ ሞተ፣ እሑድ ተቀበረ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ሦስት ቀን ኮረፌ ስሸጥ ሰነበትሁ።

እጄ አይጽፍም።

ኅዳር 1

ለቅሶ የሚመጣው ሰው ቀነስ ብሏል። ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ ወርደዋል።

ይህን ደብተር የሰጠኝ እሱ ነው። በመስከረም። «እማ፣ በመሠረተ ትምህርት የተማርሽው እንዳይጠፋብሽ በቀን አንድ መስመር ጻፊ» አለኝ። የጻፍሁት አራት መስመር ነው። ዛሬ ጌሾ ገዛሁ። ዛሬ ዝናብ የለም። ዛሬም የለም። ምሳው መጥቶ ሄደ። ይኸው ነው።

ልጄ ደሃና ወረዳ አስተማሪ ነበር። ክረምት ክረምት ደግሞ ኮሌጅ ይማራል። በየወሩ ሰቆጣ እየመጣ ያየኝ ነበር። ሥራዬ ኮረፌ ጠምቆ መሸጥ ነው። ጠጪ ደግሞ አፉ አይዘጋም፤ ለሰውም ለምግቡም ስም ሲያወጣ ይውላል። የማሽላ ቆሎን «ቀን ገፊ» ያለው አንድ ጫኝ ነው፤ እኔ ቤት ተቀምጦ። ከተማ ደርሶ ተመልሶ የሚኮራውን «ወልድያ ያደረ» ያሉትም እዚሁ ናቸው። ምሳው ከልጅነቱ ጀምሮ ከጋኑ ኋላ ተቀምጦ ይሰማል። ካደገ በኋላ ደግሞ ይጽፍ ጀመር። «ይህ ስም ከየት መጣ?» ይላል። የማይጠይቀው ሰው አልነበረም። አባቴ ቤት ኽምጣንጋ ነበር የምንናገር፤ እሱንም ቃል በቃል ጠየቀኝ።

«ለዚህ ነው ያስተማርሁህ? የሰካራም ወሬ ልትለቅም?» አልሁት።

«እማ፣ ይህን የሚለቅመው ሰው ከጠፋ እኮ...» አለ። ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም። ኮረፌ እየቀዳሁ ነበር።

ኅዳር 4

ጌታሰው መጣ። ከምሳው ጋር አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ነው። ከቆላ የተላከውን የልጄን ቦርሳ አመጣልኝ። ሁለት ሱሪ፣ ሹራብ፣ በሱሪው ኪስ የጠመኔ ስባሪ።

ደብተርም አለ። ሦስት ደብተር በክር ተሰፍቶ አንድ የሆነ። በላዩ «የዋግ ምግቦችና አባባሎች፤ ስማቸው ከየት መጣ» ይላል። የልጄ እጅ ጽሕፈት ጎባጣ ነው፤ እንደ አባቱ እንደ ካሤ ትከሻ።

«እናቴ» አለኝ ጌታሰው፣ «የኮሌጁ መምህራችን ደብተሩን ሊያሳትሙት ይፈልጋሉ። የምሳው ስም በሽፋኑ ላይ ይወጣል። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ማድረስ አለብኝ። ጎዶሎ ግን አይታተምም ብለዋል።»

«ጎዶሎ ነው?»

«አሥራ አንድ ስም አመጣጡ አልተገኘለትም። ምግቡን ጽፎ፣ ስሙን ጽፎ፣ ከሥሩ ባዶ ነው የተወው። እርስዎ ይሙሉልን።»

«እኔ?»

«ይህ ሁሉ ሰው እርስዎ ቤት ነው ያወራው። ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?»

እሺ አልሁት። ልጄን አልቀበርሁትም። አላጠብሁትም። ይህን ላድርግለት።

ኅዳር 5

ባዶዎቹን ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ናቸው፣ ልክ ነው። የመጨረሻው «እንግዳ ይለፍ» ነው። ያ በችግር ጊዜ ከሣር ፍሬ የሚሠራው ቀጭን አጥሚት። ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። አላነበብሁትም። ዐይኔ ደክሟል።

ኅዳር 9

አልሆነም።

ዛሬ ሴቶቹ እዝን ይዘው መጡ። ንፍሮ፣ ሽሮ። ከበላን በኋላ ደብተሩን አወጣሁና «ያቺ ‹ምራት አልሰማች› የምትባለው ቂጣ፣ ስሟ ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ ልትስቅ ነበር። ጥርሷን አየሁት። ወዲያው በነጠላዋ አፏን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔም አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል?

የምግብ ስም ሁሉ አመጣጡ ሣቅ ነው። ይህን አላሰብሁትም ነበር። በለቅሶ ቤት ማንም አይነግረኝም። ወደ ሠርግ ቤት እንዳልሄድ ሐዘንተኛ ነኝ፤ በር ላይ ብታይ እንኳ ነውር ነው። ገበያም አልወጣም።

ወልደ ገብርኤል ጨው ነጋዴው መጣ። አሥር ዓመት ሙሉ እኔ ቤት ጠጥቶ፣ ሰውን ሁሉ በሣቅ የሚገድል እሱ ነው። ዛሬ ከበሩ አጠገብ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ትንፍሽ የለም።

«ወልደ ገብርኤል፣ ምነው?»

«አፌን ደጅ አስቀምጬ ነው የገባሁ፣ ለተጊዮርጊስ።»

«እስቲ ውጣና አምጣው፤ የምጠይቅህ አለኝ።»

«አርባው ይውጣ። ያን ጊዜ የፈለግሽውን አወራልሻለሁ። ዛሬ አንድ ቃል ብናገር ምሳው ከመቃብሩ ይታዘበኛል።»

ምሳው አይታዘብህም፣ ይጽፍሃል ልለው ነበር። አላልሁም።

ኅዳር 13

ዓሲያ ናት የደረሰችልኝ። ጎረቤቴ ናት፤ ባለ ሱቅ። የረመዳን ጾሟን የያዘችው መርዶው በመጣ ቀን ነው። ሱቋን ከቀትር በኋላ ትዘጋና አጠገቤ ትቀመጣለች።

«እኛ ዘንድ ለልጅ ሐዘን ሦስት ቀን ነው» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ብትስቂ አላህ አይቆጣሽም። የእናንተዎቹ ካፈሩ እኔን ጠይቂኝ።»

ጠየቅኋት። ቂጣዋን ነገረችኝ።

«አማቲቱ ምራቷ ውኃ ስትወርድ ጠብቃ ቂጣ ትጋግራለች። ቶሎ እንድትደርስ ስስ አድርጋ። አንድ ቀን ምራቷ እንስራዋን ረስታ ከመንገድ ተመለሰች። አማቲቱ ትኩሷን ቂጣ ቀሚሷ ሥር አድርጋ ቁጭ! ምራቷ ‹እማማ፣ ምነው ፊትዎ ቀላ?› አለቻት። ‹ትኩሳት ነው፣ ልጄ፤ ውረጂ፣ ውረጂ!› ሁለት ሳምንት ቆማ ስትበላ ከረመች አሉ።»

ሣቅሁ። ሳላስበው። መርዶ ከመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ዓሲያ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። ጻፍሁት፤ አንድ ገጽ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

አምስት ስም ነገረችኝ። ከዚያ ጣቷን መጨረሻው ላይ አሳረፈች።

«‹እንግዳ ይለፍ›ማ የታወቀ ነው። ንፉግ ሴት ነበረች። እንግዳ መጣባትና ድስቱ ላይ ቁና ደፋችበት። እንግዳው አይሄድም። እሷ ‹ይለፍ፣ ይለፍ› እያለች በልቧ ትጸልያለች። በመጨረሻ ሰውዬው ደክሞት ቁናውን ወንበር መስሎት ተቀመጠበታ! አዪ፣ ሣቅና ጾም አብረው አይሄዱም፤ ምራቄ ደረቀ።»

«እሱን አልጽፈውም» አልኋት።

«ለምን?»

«ሌላ ሰው ልጠይቅ።»

ጣቷን ከገጹ አነሣች። «የምታውቂው ትመስያለሽ።»

አላውቅም አልኋት።

ኅዳር 17

የደሃና ሰው እየመጣ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ቀረ፤ ገብሱ ሳይዝ ደረቀ። ዛሬ አንዲት ሴት ሁለት ልጅ ይዛ ደጄ ቆመች። ያለውን ንፍሮ ሰጠኋት። በድስቱ የነበረውን ሁሉ። ለማታ ምን ልትበዪ ነው ብለው ሴቶቹ ተቆጡኝ።

አንዷ «ዘንድሮ እንግዳ ይለፍ መብላታችን ነው» አለች። ሣቁ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ኅዳር 27

ዓሲያ በዓሏ ነው። ቴምር ላከችልኝ። ስድስተኛ ስምም በወረቀት ላይ አስጽፋ። አምስት ቀረ።

ታኅሣሥ 3

የምሳው አርባ። ደክሞኛል ግን ልጻፍ፤ ነገ የማልጽፈው ይሆናል።

እህቴ አምሳለ ከዝቋላ ደረሰች። ልጄ የሞተው እሷ ቤት ነው። በበቅሎ አምጥተዋት፣ እግሯ አብጦ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ሰው ሁሉ ለጸበል ጻዲቁ ሲቀመጥ እኛ ከጎተራው ኋላ ተቀመጥን።

በእነዚህ አርባ ቀናት አንድ ነገር ማንንም አልጠየቅሁም። ለምን ቆላ እንደወረደ። ለመስቀል «አክስቴን ልጠይቅ» ብሎኝ ነበር፤ ያን አውቃለሁ። ከመስቀል በኋላ ግን ተመልሶ ሥራውን ጀምሯል። ጥቅምት ላይ ምን ሊያደርግ እንደገና ወረደ?

አምሳለ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ለመስቀል መጣና ‹አክስቴ፣ እማ አልነግርም ያለችኝን አንቺ ንገሪኝ› አለኝ። የእንግዳ ይለፍን ነገር። የእናትህ ነው፣ እሷን ጠይቅ አልሁት። በጥቅምት እንደገና መጣ። ያን ጊዜ ሲደርስም እየተንቀጠቀጠ ነበር። ተኝቶም ይጠይቀኛል። ደብተሩ ደረቱ ላይ ነው።»

«ነገርሽው?»

«አንቺ ያልተናገርሽውን እኔ ልናገር? አፈርሁ፣ ለተዬ። ሲሻልህ እነግርሃለሁ አልሁት።»

ደጅ ላይ ሰው መሣቅ ጀምሯል። አርባው ወጣ፤ ኮረፌው ገባ። ወልደ ገብርኤል ደጅ የተወውን አፉን ዛሬ አገኘው። ጠርቶኝ አራት ስም ባንድ ጊዜ አወራልኝ። የፈለግሁት ይህን ነበር። ቆሜ ሰማሁ። ጌታሰው ስለነበረ እሱ ጻፈው።

አንድ ቀረ።

ታኅሣሥ 5

የእርሳሱን ጽሑፍ አነበብሁት። ዐይኔ ደህና ነበር።

«እናቴን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ጓሮ ወጣች። ሦስተኛ አልጠይቃትም፤ ያማታል መሰለኝ። ሌላ ሰው ልፈልግ።»

ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት። ሦስተኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። እነግረው ነበር ወይ?

ታኅሣሥ 8

መምሬ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄድሁ። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ነገሩን ከሌላው ኃጢአቴ ጋር ድሮ ነግሬያቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ንስሐሽን ፈጽመሻል» አሉኝ። «ለወረቀት መናገር ግዴታ የለብሽም። ዝም ብትይ ማንም አይጠይቅሽም።»

«የሚጠይቀኝ ነበረ፣ አባ።»

«ለልጅሽ ስም ብለሽ የራስሽን ስም ልታጠፊ ነው?» አሉኝ። ሰቆጣ ውስጥ ስሜ ይታወቃል። ለተጊዮርጊስ እጇ ሰፊ ነው፣ ሳታጎርስ አታሳልፍም ይላሉ።

ቤት ገብቼ ደብተሩን ዘረጋሁ። «በ1977 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍሁ። እስክሪብቶው ቆመ። እስኪመሽ ተቀመጥሁ።

ታኅሣሥ 9

«በ1977 ዓ.ም.» የሚለውን በላጲስ ላጠፋው ሞከርሁ። ወረቀቱ ተቀደደ።

ታኅሣሥ 11

ብቅል ዘፈዘፍሁ። ሥራ መጀመር አለብኝ። ነገ ጌታሰው ይመጣል። ዛሬ እጽፈዋለሁ። ጋኑን ካጠብሁ በኋላ።

አልጻፍሁም።

ታኅሣሥ 12

ጌታሰው መጣ። አይሱዙ ተሳፍሮ የሚሄድ ነው፤ ሾፌሩ ከመንገድ ላይ ጡሩንባ ይነፋል። ደብተሩን አገላብጦ አየ።

«እግዜር ይስጥልን፣ እናቴ! አሥሩ ሞልቷል።» ከዚያ መጨረሻው ላይ ደረሰ። «ይህቺ ገጽ ምን ነካት? ተቀድዳለች።»

«ውኃ ነክቷት ነው።»

«ግድ የለም። ይህማ የታወቀ አይደል? የንፉጓ ሴት ነገር።»

ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፍ ጀመር። እሱ ፈጣን ነው፤ እኔ ወር የፈጀብኝን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ቁናው ጋ ሲደርስ ብቻውን ሣቅ አለና ቀና ብሎ አየኝ፤ አፈረ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

አነበበልኝ። «‹አንዲት ንፉግ ሴት ነበረች...›» እስከ መጨረሻው።

«እንዴት ነው፣ እናቴ? ልክ ነው?»

ጡሩንባው ተነፋ። ጌታሰው መልካም ልጅ ነው። ምሳውን ይወደው ነበር። ቸኩሏል። ሾፌሩ ይሰድበዋል።

ልክ ነው አልሁት።

ደብተሩን ደረቱ ውስጥ ከትቶ ሮጠ። እስከ መንገዱ ተከተልሁት። «ጌታሰው!» ብዬ የተጣራሁ መስሎኛል። አይሱዙው አቧራውን ጥሎ ሄደ። ድምፄ አልወጣ ይሆናል።

ታኅሣሥ 13

እዚህ ልጻፈው። ይህ ደብተር የትም አይሄድም። እሱም የሰጠኝ እንድጽፍበት ነው።

በ1977 ዓ.ም. ደሃና ነበርን። ካሤ እህል ፍለጋ ወርዶ አልተመለሰም። እኔ፣ እህቴ አምሳለ፣ ምሳው የሦስት ዓመት፣ ትርንጎ የአምስት ዓመት። ትርንጎ የበኩር ልጄ ናት። ምሳው እህት እንደነበረችው ያውቃል። ሌላ አልነገርሁትም።

የሣር ፍሬ ለቅመን፣ ወቅጠን፣ ከአንድ እፍኝ ገብስ ጋር እናፈላዋለን። በሁለት ቀን አንዴ። ያን ቀን ድስቱ ተጥዶ ሳለ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አንድ ሽማግሌ መጣ። የአገራችን ሰው አይደለም። በትር አለው። ደጃፉ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለ።

እንግዳ በእኛ ቤት ተመልሶ አያውቅም። አባቴ እንግዳ ካልመጣ ማዕድ አይባርክም ነበር። እኔ ድስቱን ከደንሁ፣ ነጠላዬን ጣልሁበት፣ ከፊቱ ተቀመጥሁ። «ቤቱ የእግዜር ነው፤ የሚቀመስ ግን የለም» አልሁት።

«ግድ የለም፣ ልጄ፤ ትንሽ ልረፍ» አለ። ተቀመጠ።

ድስቱ ይፈላ ነበር። ድምፁ ይሰማል። ጠክ ጠክ ጠክ ይላል ከነጠላዬ ሥር። ሽማግሌው ሰማ። እንደሰማ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው። አምሳለ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ጭልፋ ነበር የሚበቃው። አንድ ጭልፋ ባወጣ ለልጆቹ አያንስም ነበር። ያንስም ይሆን ነበር። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትርንጎ ወደ ጆሮዬ መጣችና «እማ፣ እንግዳው ይለፍና እንበላለን?» አለችኝ። ሕፃን ናት፤ ማንሾካሾክ አታውቅም።

ተነሣ። በትሩን ያዘ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ምን ስለሰጠሁት? ሄደ።

በማግሥቱ ከአውድማው ሥር አገኘነው። ሩቅ አልሄደም። አምሳለና እኔ ጎትተን ድንጋይ ከመርንበት። ቄሱ አገር ለቀው ነበር፤ ፍትሐት የለም። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁትም። ስሙንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ትርንጎ ድስት በጣድሁ ቁጥር «ዛሬ እንግዳ ይለፍ ነው?» ትላለች። ስሙ መስሏታል። የጎረቤት ልጆች ሰሟት፤ ያዙት። እናቶቹም ያዙት። በዚያ ሁሉ ረኃብ ሰው ይሥቅበት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኮረም ስንሄድ መንገድ ላይ ትርንጎ እጄ ላይ ቀረች። ስሙ ግን አልቀረም። ከሰው ጋር እየሄደ ቀድሞኝ ሰቆጣ ገባ። ከዓመታት በኋላ መጥቼ የኮረፌ ቤት ስከፍት፣ ጠጪዎቹ እዚያው ቤቴ ተቀምጠው ሲሉት ሰማሁ።

ምሳው ሆይ፣ ከየት መጣ ላልኸኝ ይኸው ነው። ከእህትህ አፍ ነው። ንፉጓ ሴት እኔ ነኝ፤ ቁና ግን አልነበረም።

መጽሐፉ ታትሞ ይወጣል። የልጄ ስም ይወጣበታል። በመጨረሻው ገጽ ሰዎች ይሥቃሉ። ይሣቁ፤ ልይዛቸው አልችልም።

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የምታገኙ ግን፣ ማንም ሁኑ፣ ቄስ ቢሆን ተማሪ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ቆማችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ለልጄ ለምሳው፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሐዋርያት ነው። ለልጄ ለትርንጎ፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው። በስማቸው ጥሩልኝ፤ ያለ ስም ጸሎቱ እንዳይጎድል መምሬም ስማቸውን ይጠይቁኛል።

ለሽማግሌውም። ስሙን አላውቀውም። የለተጊዮርጊስ እንግዳ ብላችሁ ጥሩት።